የአራት ጨዋታ ትከሻ

ቴንብሩክ፣ ካንሳስ
ሰኞ፣ ኖቬምበር 27

ለምወድህ ልጄ ለጋሬት፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ትናንት የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ ጣለና ዛሬ የሱቁን ደጃፍ ስጠርግ አረፈድኩ። እናትህን ጉንፋኑ ለቀቃት፤ ሳሉ ግን አልተዋትም። በምስጋና ቀን የቱርክ ዶሮውን እንደ ልማዷ ለአራት ሰው ሠርታ፣ ሁለታችን እስከ ትናንት ስንበላው ሰነበትን።

ረቡዕ ደውለህ ያልካትን ነግራኛለች። የጋዜጣው ዴኒ ፋውለር ሊያነጋግረኝ እንደሚፈልግ ሰምተሃል። "አባዬ ትከሻው የእውነት ተጎድቶ ነበር ካለ ከተማው በሙሉ ያምነዋል፣ ወሬውም እዚያው ይሞታል" አልካት አሉ። ማርስደን ኮሌጅ ልምምድ ስትጀምር ስምህ ንጹሕ ሆኖ እንዲቀድምህ ፈልገሃል። ነገሩን እኔን አልጠየቅከኝም፤ ስደውልልህም አታነሳም። ስለዚህ መልሴን በደብዳቤ እልክልሃለሁ። ደብዳቤ መሃል ላይ አይዘጋም።

ከማስታወሻ ደብተሬ እያየሁ ነው የምጽፍልህ። ሱቁን ከከፈትኩ ጀምሮ በየቀኑ በሩን ከመዝጋቴ በፊት ሁለት ሦስት መስመር እንደምጽፍ ታውቃለህ፤ የአየሩን ነገር፣ ማን እንደመጣ፣ ምን እንደተባለ። የተሰማኝን አልጽፍም። ስሜት በማግስቱ ሌላ ሆኖ ይገኛል፤ የተባለው ነገር ግን እንደተባለ ይቀመጣል።

ቅዳሜ ሴፕቴምበር 23 እንዲህ ይላል፦ "ሞቃት፤ ነፋስ የለም። 24 ለ 21 አሸነፍን።" የኮሌጃችን ቡድን አራተኛው የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ነበር። አርባ ሰከንድ ሲቀር ኳሷን ከግማሽ ሜዳ ወርውረህ ጥግ ላይ ተቀባዩ እጅ ውስጥ ስታስገባት፣ ኦቲስ ፔሪማን እንደ ስንዴ ጆንያ ትከሻው ላይ ጭኖህ ሲሮጥ አየሁ። ሁለት ተሸንፈን ሁለት አሸንፈን ነበር፤ ሰባት ጨዋታ ይቀረን ነበር። ያን ቀን ከስታዲየሙ እስከ ሱቃችን ድረስ የማላውቀው ሰው ሁሉ እጄን ጨበጠኝ።

ሰኞ ሴፕቴምበር 25 በምትወረውርበት በቀኝ ትከሻህ ላይ በረዶ አስረህ ሱቅ መጣህ።

"አባዬ፣ ቅዳሜ ስወድቅ አንድ ነገር ቀጭ አለብኝ።"

"ሐኪሙ ምን አለ?"

"ፎቶው ላይ የሚታይ ነገር የለም። ግን ካመመህ እረፍ አለኝ።"

"ያምሃል?"

"ክንዴን ከፍ ሳደርግ ያመኛል።"

እንዲህ ብቻ ነው የተባባልነው። ሁለተኛ አልጠየቅሁህም። ባንኮኒው ላይ ዕቃ ይዞ የሚመጣ ነጋዴን ሦስት ጊዜ እጠይቃለሁ፤ አንተን ግን አንዴ ጠየቅሁህ፣ በቃኝ።

በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ ሃንክ ዶብስ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። አመጣጡ ጓንት ለመግዛት አልነበረም።

"ዌንደል፣ ልጅህ ዘንድሮ ስንት ጨዋታ ተሰለፈ?"

"አራት።"

"አራት! ልክ አራት! እንግዲህ ቀይ ማሊያ እንዳይሆን ብቻ ነገሩ።"

እናትህ ከጓዳ ወጣች። ሃያ ዓመት ሜዳ ስትመላለስ ኖራ ሕጉን ለማወቅ ግን ግድ ብሏት አያውቅም። "ቀይ ማሊያ ደግሞ ምንድነው? የእኛ አረንጓዴ አይደለም እንዴ?" አለች።

እኔ ነኝ ያስረዳኋት። ኮሌጅ ውስጥ አንድ ልጅ የሚጫወትበት አራት ዓመት ብቻ ተቆጥሮ ይሰጠዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከአራት ጨዋታ በላይ ካልተሰለፈ ግን ያ ዓመት እንዳልተጫወተ ይቆጠርለታል። አምስተኛው ጨዋታ ላይ ለአንዲት ኳስ እንኳ ከገባ ዓመቱ ተበላ። በአራቱ ላይ ቆሞ ዓመቱን ያተረፈውን ልጅ ነው "ቀይ ማሊያ ለበሰ" የሚሉት፤ የማሊያው ቀለም የትም ቦታ የትኛውም ቢሆን። አንዳንዱ ተጎድቶ ይለብሰዋል። አንዳንዱ ደግሞ ዓመቱን ቆጥቦ ሌላ ኮሌጅ ይዞት ይሄዳል።

"ታዲያ ጋሬት ተጎድቷል አይደል?" አለች እናትህ።

"እሱን ነው የምንጠይቀው፣ ማርሊን" አለ ሃንክ።

ያን ጊዜ ነው እኔ የገባሁበት። "ሃንክ፣ ከእኔ ስንት ቡትስ ገዝተሃል?"

"እኔ እንጃ፤ አሥራ አምስት ይሆናል።"

"የአንዱ ሶል ተላቆብህ ያውቃል?"

"የለም፤ እሱንስ አልዋሽም።"

"እንግዲያው የልጄ ትከሻ ተጎድቷል ስልህ ተጎድቷል።"

ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከክ አከክ አደረገ። "እሺ። አንተ ካልክ" ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ይህችን "አንተ ካልክ" ስምንት ጊዜ ጽፌያታለሁ፤ ከስምንት የተለያየ ሰው አፍ። ከነዚህ መካከል ፓስተራችንም አሉበት።

ከዚያ የሆነውን አንተም ከሜዳው ዳር ሆነህ አይተኸዋል፤ ከመቀመጫው በኩል እንዴት ይታይ እንደነበር ግን አታውቅም። አምስተኛውን 41 ለ 6 ተሸነፍን። ስድስተኛውን 38 ለ 10። አንተን የተካው ኔልስ ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከሁለተኛ ደረጃ ከወጣ አምስት ወር አልሞላውም ነበር። አንድ ጊዜ ሦስት ሰው ከላዩ ላይ ሲነሳለት ዳኛውን "ጌታዬ፣ የእኛ በየት በኩል ነው?" ብሎ ሲጠይቀው ሜዳው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እናቱ ከፊቴ ተቀምጣ ነበር።

ኦቲስ ደግሞ በስድስተኛው ጨዋታ የቀኝ እጁ መሃል ጣት ተሰበረበት። ኳሷን ከመሬት አንስቶ በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ የሚያቀብል ሰው ያን ጣት ካጣ ምን ይሠራል? አሰልጣኝ ሜሪክ "አንተም አርፈህ ተቀመጥ እንግዲህ" ሲለው፣ "አሰልጣኝ፣ ግራ እጅ አለኝ አይደል?" ነው ያለው። ሳምንቱን ሙሉ የእናቱን ጋራዥ በር በኳስ እየደበደበ በግራው ማቀበል ተማረ። ሐሙስ ጓንት ሊገዛ መጣ።

"ሚስተር ስትራውድ፣ የግራውን ብቻ ይሸጡልኛል?"

"ቀኙንስ ምን ላድርገው?"

"ለጋሬት ያስቀምጡለት። ሲመለስ ይበርደዋል።"

ይህ ኦክቶበር 12 ነው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንተም መጥተህ ነበር። የዚያን ቀን ገጽ ሌላም መስመር አለበት፤ እደርስበታለሁ።

ኦክቶበር 21 የቀድሞ ተማሪዎች የሚመለሱበት ቀን ነበር፤ ማርስደን መጣ። 52 ለ 0 ተሸነፍን። ከሜኖናይት ቤተ ክርስቲያን መጥተው የቺሊ ወጥና የቀረፋ ዳቦ የሚሸጡት ሴቶች ዕረፍት ሳይደርስ ድስታቸውን ጭነው ሄዱ። በሁለተኛው አጋማሽ የማርሽ ባንዱ ለባዶ መቀመጫ ነፋ። አንተ ክንድህን አንገትህ ላይ ባንጠለጠልክበት ጨርቅ ይዘህ ሜዳው ዳር ቆመሃል። የማርስደን ምክትል አሰልጣኝ በአጠገብህ ሲያልፍ ጀርባህን መታ መታ አደረገህ። "ጨዋ ሰው ነው፤ የተጎዳን ያጽናናል" ብዬ ለእናትህ ነገርኳት። ያን ጊዜ ተስማምታችሁ ነበር ወይስ ገና? አትንገረኝ። ማወቅ ብፈልግ እጠይቅህ ነበር።

ሰኞ ሃንክ ወንበር ላይ ያስቀመጠውን ደንበኛ ግማሽ ፀጉሩን እንደተላጨ ትቶት ከሱቁ ደጃፍ ጮኸ፦ "ዌንደል! ቀይ ማሊያ ትሸጣለህ? ለጋሬት ልክ የሚሆን!" መንገዱ ላይ የነበረው ሁሉ ሳቀ። "ስንት ጊዜ ልንገርህ?" አልኩት። "አንዴ ነግረኸኛል፤ አንተ ካልክ ብያለሁ። ግን ቀልድ ይከለከላል እንዴ፣ ወንድሜ? ሌላ ምን ቀረን?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሌላ የቀረን ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ ተመራቂዎቹ ቀን ልምጣ፤ ኖቬምበር 18፣ የመጨረሻው ጨዋታ። ሁለት አሸንፈን ስምንት ተሸንፈናል። እንደምታውቀው በዚያ ቀን የመጨረሻ ዓመታቸው የሆነው ልጆች ከጨዋታው በፊት በወላጆቻቸው መሃል ሆነው ሜዳ ይገባሉ፣ ስማቸው ይጠራል፣ እናቶች አበባ ይቀበላሉ። የኦቲስ አባት ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ሐሙስ ኦቲስ ሱቅ መጥቶ ባርኔጣውን በእጁ ያዞረው ጀመር።

"ሚስተር ስትራውድ፣ እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት አንድ ሰው ቢደግፋት ደስ ይላታል። በዚያ ላይ... በሌላው በኩል ሰው ቢኖር። እርስዎ ካልከበደዎት።"

"ኮት ማድረግ አለብኝ?" አልኩት።

"ኧረ የለም! እንደዚሁ ይሁኑ።"

ኮት አደረግሁ። መተላለፊያው ውስጥ ተራችንን ስንጠብቅ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። ፊቱ የልጅ ፊት ሆኖ ነበር። "ሚስጥር ልንገርዎት። ዛሬ ይሰለፋል።"

"ማነው የሚሰለፈው?"

"ጋሬት ነዋ! ከተጎዳ ጀምሮ በየእሑዱ፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ የቤት ውስጥ ሜዳው ላይ እኔ አቀብላለሁ እሱ ይወረውራል። ስድሳ ስድሳ ኳስ። ክንዱ እንደ ድሮው ነው፤ እንዲያውም ይበልጣል! ለማንም እንዳትናገር ብሎኝ ነው። ለእኛ ለተመራቂዎቹ ድንገተኛ ስጦታ ሊያደርገው ነው መሰለኝ።"

ጋሬት፣ በዚያች ደቂቃ የልብስ መቀየሪያው በር ተከፈተና አንተ ወጣህ። ጃኬት ለብሰሃል። ክንድህ በጨርቁ ታስሯል። በአጠገባችን ስታልፍ ኦቲስን "አይዞህ፣ ጀግና" ብለኸው ሄድክ።

የኦቲስን ፊት ልገልጽልህ አልችልም፤ መግለጽም የእኔ ሥራ አይደለም። ዓይኑ አንተን እስከ ሜዳው ጫፍ ድረስ ተከተለህ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እናቱ ምንም አልሰማችም፤ አበባዋን ታስተካክል ነበር።

"ሚስተር ስትራውድ፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?"

"አላውቅም ነበር" አልኩት።

ስሙ ተጠራና ሦስታችን ገባን። ሰዉ አጨበጨበ። 17 ለ 14 ተሸነፍን። ሦስት ነጥብ ነው፣ ልጄ። የመጨረሻዋን ኳስ ኔልስ ከተቀባዩ ራስ በላይ ሰደዳት። ኦቲስ ጨዋታው ካለቀ በኋላ የራስ ቁሩን ሳያወልቅ ነው ከሜዳው የወጣው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደብተሬን ወደ ኋላ ገለጥኩት። ያልኩህ የኦክቶበር 12 ገጽ እንዲህ ይላል፦ "ደመና። ኦቲስ የግራ ጓንት ገዛ። ጋሬት የክረምቱን ቡትስ ካርቶን በቀኝ እጁ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አወጣልኝ።"

ትዝ ይልሃል? መሰላሉ ላይ ቆሜ ስንገዳገድ "ተወው አባዬ፣ ትወድቃለህ" ብለህ ተቀበልከኝና በአንድ እጅህ ከራስህ በላይ ሰቀልከው። ሃያ ሁለት ጥንድ ቡትስ። ክብደቱን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አየሁ፣ ጻፍኩት፣ ደብተሩን ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ለአራት ሰው "ትከሻው ተጎድቷል" ብያለሁ። ፓስተሩ የጠየቁኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ሰኞ ቡድኑን እንደምትለቅ አስታውቀህ ከከተማችን ወጣህ፤ ረቡዕ የምትሄደው ማርስደን እንደሆነ ሰማን። አራት ጨዋታ ተሰልፈህ፣ ዓመትህን አትርፈህ።

አንድ ነገር አስተውልልኝ። መሄድህን አልነቅፍም። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ሰው የተሻለ ሲያገኝ እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ እኔም ብሆን እሄድ ነበር። ሕጉም ይፈቅድልሃል። ሴፕቴምበር 25 መጥተህ "አባዬ፣ ከእንግዲህ አልሰለፍም፤ ዓመቴን ይዤ ልሄድ ነው" ብትለኝ ተጣልተን፣ ተሰዳድበን፣ በመጨረሻ ሻንጣህን ራሴ ፒክአፑ ላይ እጭንልህ ነበር። ኦቲስም ይሰድብህና አብሮኝ ይጭን ነበር። አንተ ግን ያን አልመረጥክም። እኔን ባንኮኒው ኋላ አቁመህ፣ አንተ ልትሸጠው ያፈርክበትን ዕቃ በእኔ አፍ ሸጥከው። እሱን ደግሞ ሰባት እሑድ፣ ስድስቱን በተሰበረ ጣቱ፣ አሠራኸው።

ከትናንት ወዲያ፣ ቅዳሜ፣ ኦቲስ ወደሚሠራበት የእህል ጎተራ ሄድኩ። አካፋውን ይዞ የጭነት መኪና ሲጠርግ አገኘሁት።

"ኦቲስ፣ ያን ቀን አላውቅም ነበር አልኩህ። አውቅ ነበር" አልኩት። ስለ ካርቶኑም ነገርኩት።

"ለምን ነገሩኝ?" አለ።

"ከሌላ ሰው እንዳትሰማው።"

"ከማን እሰማለሁ? የእርስዎን ደብተር ከእርስዎ ሌላ ማን ያነበዋል?"

አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ሳቅ ብሎ፣ የማልወደውን ሳቅ፣ "ሂሳብ ሠርቼ ነበር። አራት መቶ ሃያ ኳስ ነው ያቀበልኩት። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ የምጫወተው ለማርስደን ነው!" አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ፦ "ለጋሬት ስድብ ጻፍኩለት፣ ወጣልኝ። እርስዎን ግን... እርስዎ አላውቅም ሲሉኝ አምኜዎት ነበር፣ ሚስተር ስትራውድ።"

"አውቃለሁ" አልኩት። ይቅር በለኝ ስለው "እሺ" አለ፤ እንደ ጨዋ ልጅ። አካፋውን አንስቶ ሥራውን ቀጠለ።

እንግዲህ ለጠየቅከኝ ነገር መልሴ ይኸው። ለዴኒ የምለውን አልኩት፤ በአፌም ሳይሆን በጽሑፍ ሰጠሁት። ሦስት መስመር ነው፦ "የልጄ የጋሬት ትከሻ ተጎድቷል ብዬ ለከተማችን ሰዎች ነግሬያለሁ። ትከሻው አልተጎዳም ነበር። ይህን መጠርጠር ከሚገባኝ ቀን በኋላም ተናግሬዋለሁና፣ የነገርኳችሁን ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዌንደል ስትራውድ።" ጋዜጣው የሚወጣው ሐሙስ ነው።

ደብዳቤው ረቡዕ ጠዋት እጅህ እንዲገባ ዛሬ ሰኞ በፖስታ እልከዋለሁ። ዴኒ ረቡዕ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ገጹን አይዘጋም። ቀድመህ ደውለህ ነገሩን በራስህ አፍ ከተናገርክ የእኔን መስመር አወጣለሁ፤ ለዴኒም ነግሬዋለሁ፣ ስልክ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት አብሬ ልኬልሃለሁ። ካልደወልክ ይወጣል። ስምህ ይጎድፋል፤ የእኔም አብሮ ይጎድፋል። ማርስደንም ያነበዋል። ምናልባት ግድ አይሰጣቸውም፤ የሚፈልጉት ክንድህን ነው። ይህ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል።

እናትህ ይህን ደብዳቤ እስከዚህ አንብባለች። "ጨካኝ ነህ" አለችኝ፤ ከዚያ ኤንቨሎፑ ላይ አድራሻህን ራሷ ጻፈችው። ወፍራሙን ሹራብህን በሌላ ጥቅል ልካልሃለች። ለገና ትመጣ እንደሆነ ንገራት፤ ለእሷ ንገራት፣ እኔን ባታናግረኝም። አልጋህ እንደተነጠፈ ነው።

ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልህ። በሄድክበት ፊት ለፊትህ የሚያጎነብስ፣ ጀርባውን ሰጥቶህ አምኖ የሚያቀብልህ ሰው አያሳጣህ፤ ለዚያ ሰው የምትሆን ሰውም ያድርግህ።

በመጪው ኦክቶበር ማርስደን ወደ እኛ ሜዳ ይመጣል። የጨዋታውን መርሐ ግብር አይቻለሁ። የምቀመጠው በእኛ በኩል፣ እንደ ሁልጊዜው በሜዳው የአርባ ያርድ መስመር ትይዩ ነው። ኳሷ ከእጅህ ስትወጣ ሳላስበው ብድግ ብዬ እንዳላጨበጭብ፣ ሁለቱን እጆቼን ጭኔ ሥር አድርጌ እቀመጥባቸዋለሁ።

አባትህ፣
ዌንደል